ፖምፓዋ ሞታለች ከማለታችሁ በፊት

የምናወራው ስለየትኛዋ መኪና ነው?

ካርቡራተር ስላላት አሮጌ ኮሮላ፣ ሁላችንም ዲኤክስ ስለምንላት። ከ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ወዲህ ያገለገለ መኪና ማስገባት ኪስ ያራቁታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ያለችው ዲኤክስ ተጠግና ትኖራለች። የቤንዚን ፖምፓዋን መቀየር ቤት ከሚሠሩት ሥራዎች ቀላሉ ነው። ከባዱ፣ ጥፋቱ በእርግጥ የፖምፓዋ መሆኑን ማወቁ ነው።

አሠራሯ

ፖምፓዋ በሞተሩ ጎን በሁለት ቡሎን የታሰረች ናት፤ ኤሌክትሪክ አያስፈልጋትም። ካምሻፍቱ ሲዞር ክንዷን ይገፋል፤ ክንዷ ዲያፍራም የሚባለውን ስስ ጎማ ይስብና ቤንዚን ከሰልባቲዮ ይመጣል። ስፕሪንጉ ጎማውን ሲመልሰው ቤንዚኑ ወደ ካርቡራተር ይሄዳል። ግፊቷ ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ቢሆን ነው፤ ጎማችሁ ውስጥ ያለው ንፋስ አሥር እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። በዚህ አቅሟ ትንሽ ነገር ያሸንፋታል።

ዓባይ በረሃ ላይ የምትጠፋ መኪና

ከአዲስ አበባ ወደ እኛ፣ ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ፣ በዋናው መንገድ ለመምጣት ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን መውጣት ግድ ነው። ዳገቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነው፤ መኪናዋ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ስትንፏቀቅ ሞተሩ ይግላል፣ ንፋስ አያገኝም። ያን ጊዜ ቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን ይፈላል። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ደግሞ የሚፈላበት ሙቀት ዝቅ ይላል። ፖምፓዋ ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት መግፋት አትችልምና መኪናዋ ትጠፋለች። አጠገቧ ያለ ሁሉ «ፖምፓዋ ናት» ይላል።

ጥላ ፈልጋችሁ አቁሙ፣ ፖምፓዋና ቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣሉ፣ ጠብቁ። ስትቀዘቅዝ መኪናዋ ከተነሳች ፖምፓዋ አልሞተችም። ሆኖም ዲያፍራሟ የደከመ ፖምፓም ሙቀት ላይ ይሰንፋል፤ ቤት ስትደርሱ ፈትሿት።

ሌሎቹ ተጠርጣሪዎች

ክዳኑ ጠፍቶ አፉ በፌስታል የተጠቀጠቀ ሰልባቲዮ ብዙ አለ። አየር ካልገባ ፖምፓዋ ከየት ትስባለች? ፌስታሉን አውጥታችሁ አየር «ሽሽ» ብሎ ከገባና መኪናዋ ከነቃች፣ ክዳን ግዙ። ማደያ ሲደርቅ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚገዛው ቤንዚንም ውሃና ዝቃጭ ይዞ ይመጣል፤ ፊልትሮውን አይታችሁ ከጠቆረ ቀይሩ።

ፍተሻ

መኪናዋ ደጅ፣ ከምድጃና ከሲጋራ የራቀች ትሁን፤ አጠገቧ አሸዋ ይቀመጥ። ቤንዚን በአፍ መሳብ ክልክል ነው! ሳንባ ከገባ ሊገድል ይችላል። የዋጠ ሰው ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት እንጂ ለማስመለስ አትሞክሩ።

እሳት እንዳይፈጠር ከኮይሉ ወደ ዲስትሪቢዩተር የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ንቀሉና ከሞተሩ ብረት ጋር እሰሩት። ካርቡራተሩ ላይ ያለውን ቱቦ አውጥታችሁ ከሞተሩ ራቅ ባለ ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱ፤ አንድ ሰው ሞተሪኖውን ለጥቂት ሰከንድ ያዙረው። ቤንዚኑ እየተቆራረጠ በኃይል ከተረጨ ፖምፓዋን ተዉአት። ካንጠባጠበ፣ ወይም ከሥሯ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ከፈሰሰ ትቀየር። የዘይት መለኪያውንም አሽትቱት። ዲያፍራም ሲቀደድ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ዘይቱ ይበዛል፣ ይቀጥናል።

አነቃቀልና አገጣጠም

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። የገቢውን ቱቦ ስትነቅሉ ቤንዚን እንዳይፈስ በንጹሕ ቡሎን ድፈኑት። የትኛው ገቢ የትኛው ወጪ እንደሆነ ምልክት አድርጉ፤ አንዳንዷ ወደ ሰልባቲዮ የሚመልስ ሦስተኛ ቱቦም አላት።

አዲሷን ከመግጠማችሁ በፊት ከአሮጌዋ ጎን አስቀምጡና የክንዷን ርዝመትና ቅርጽ አስተያዩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ሳይሆን በፖምፓዋና በሞተሩ መካከል ያለው ወፍራም ማገጃ ላይ ነው። ማገጃው ሙቀት ይከለክላል፣ ክንዷ የምትገፋበትንም ልክ ይወስናል። ወፍራሙን ጥላችሁ በስስ ጓርኒሲዮን ብቻ ካሰራችሁ ካምሻፍቱ ክንዷን ከመጠን በላይ ይገፋታል፤ ብትደራርቡት ደግሞ አጭር ትገፋለች፣ ቤንዚን ያንሳል። የነበረውን ውፍረት መልሱ።

ቡሎኖቹን በእጅ አስነሱ። ፖምፓዋ አልገጥም ብላ ከገፋቻችሁ ካምሻፍቱ ክንዷን እየተጫናት ነው፤ በቁልፍ አትታገሏት፤ ሞተሩን ጥቂት አዙሩና እንደገና ሞክሩ። ከዚያ ሁለቱን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ቱቦና ፋሸታ አዲስ ይሁን። የኮይሉን ገመድና ባትሪውን መልሱና አስነስታችሁ ፍሳሽ ካለ ተመልከቱ፤ ቤንዚን የሸተተ ዘይትም ሳይለወጥ አትንዱ።

ቪትዝ ላላችሁ

የእናንተዋ ፖምፓ ኤሌክትሪክ ናት፤ ከኋላ ወንበር ሥር፣ ሰልባቲዮው ውስጥ ትገኛለች። ግፊቷ ወደ 3 ባር ስለሚጠጋ ቱቦው ዝም ብሎ ከተነቀለ ቤንዚኑ ፊት ላይ ይረጫል። የሚያቀዘቅዛት የምትጠልቅበት ቤንዚን ነው፤ የቤንዚን ማስጠንቀቂያ መብራቱ እየበራ መንዳት ዕድሜዋን ያሳጥራል። እሷን ለመካኒክ ተዉለት።