የመኖሪያ ቤት ዕቃና ሥዕል አመራረጥ

ምዕራፍ ስድስት፦ ገላጭ ድርሰትና ቅጽል

ሀ. መንደርደሪያ

ገላጭ ድርሰት አንድን ነገር አንባቢው በዓይነ ኅሊናው እስኪያየው ድረስ አጥርቶ የሚያሳይ የድርሰት ዓይነት ነው። የሚገልጸውን ነገር አስቀድሞ ያልመረመረ ሰው ጥሩ ገላጭ ድርሰት ሊጽፍ አይችልም። ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ የቤት ዕቃና ሥዕል እንዴት እንደሚመረጥ ይናገራል። ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በቤታችሁ ካሉት ዕቃዎች አንዱን አስቡ። ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ፣ እንዴት እንደ ተሠራና ማን እንደ ሠራው ለመናገር ትችላላችሁን? መልሳችሁን በደብተራችሁ ላይ በሁለት ዐረፍተ ነገር ጽፋችሁ አቆዩ፤ በምዕራፉ መጨረሻ ትጠቀሙበታላችሁ።

ለ. ምንባብ

ቤት በዕቃ ብዛት አያምርም። ዕቃው በዋጋው ውድነት ብቻ የተመረጠ እንደ ሆነ ቤቱ የሱቅ መስኮት ይመስላል፤ ያገኙትን ሁሉ የሰበሰቡበት እንደ ሆነ ደግሞ መጋዘን ይሆናል። አንድን ክፍል የተዋበ የሚያሰኘው እያንዳንዱ ነገር በዚያ ቦታ የተቀመጠበት ምክንያት መኖሩ ነው። ይህን ምክንያት ለማግኘት ሦስት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይጠቅማል። ዕቃው ምን ያገለግላል? እንዴት ተሠራ? የሠራውስ ማን ነው?

ለመጀመሪያው ጥያቄ ጥንታዊው የሐረሪ ቤት መልካም ምሳሌ ይሆነናል። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው በጀጎል፣ የባህላዊው ቤት ዋና ክፍል ጊዲር ጋር ይባላል። በዚህ ክፍል ውስጥ ነደባ የሚባሉ ከፍታቸው የተለያየ አምስት መደቦች ከቤቱ ጋር አንድ ሆነው ተሠርተዋል። እያንዳንዱ መደብ የራሱ ስምና የራሱ ተቀማጭ አለው፤ አሚር ነደባ የሚባለው ለምሳሌ የቤቱ ጌታ የሚቀመጥበት ነው። በግድግዳው ውስጥ የተሠሩት ጎድጓዳ ስፍራዎች የመደርደሪያን አገልግሎት ይሰጣሉ። ከመደቦቹ በላይ ያለው ግድግዳ ደግሞ በቀለማም ስፌቶችና በሳሕኖች ተሸልሟል። ስፌቶቹ የሴቶች የእጅ ሥራ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል በሠርግና በበዓል ጊዜ ከግድግዳው ወርደው የሚያገለግሉ አሉ። በዚህ ቤት ጌጥና አገልግሎት አልተለያዩም። እንግዳው ገና ሲገባ የት እንደሚቀመጥ ክፍሉ ራሱ ይነግረዋል።

ዛሬ በሌላ ዓይነት ቤት የሚኖር ሰው ከዚህ የሚማረው መደብ መሥራትን ሳይሆን አስቀድሞ ማሰብን ነው። ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ክፍሉን ይለካ። በክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ፣ ብርሃኑ ከየት በኩል እንደሚገባ፣ በሩ ምን ያህል ስፋት እንዳለው ይመልከት። በበር የማያስገባውን ቁም ሣጥን ከገዛ በኋላ በሩን መውቀስ አይጠቅምም።

ለሁለተኛው ጥያቄ የጅማን በርጩማ እንመልከት። ባለ ሦስት እግር የሆነው ይህ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ምስማርም ሙጫም አይገባበትም። መቀመጫው ለሰውነት እንዲመች ጎድጎድ ያለ ነው። እግሮቹም ሦስት መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አራት እግር ያለው ወንበር ወለሉ ካልተስተካከለ አንድ እግሩ ተንጠልጥሎ ይንገዳገዳል፤ ሦስት እግር ያለው ግን ሸካራ በሆነ መሬት ላይ እንኳ ሁሉም እግሮቹ መሬት ረግጠው ይቆማል። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የጅማ ንጉሥ የነበሩት የዳግማዊ አባ ጅፋር የቤት ዕቃዎች ዛሬ በጅማ ሙዚየም ይታያሉ፤ የአካባቢውን የእንጨት ሥራ ችሎታ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚያ ብዙ ይማራል።

ከብዙ ክፍሎች ተገጣጥሞ የሚሠራ ዕቃ ሌላ ዓይነት ምርመራ ይፈልጋል። ሳይደርቅ የተሠራ እንጨት በኋላ ሲደርቅ በወርዱ በኩል ይሰበሰባል፤ በዚህም ምክንያት የጠረጴዛው ገበታ ይሰነጠቃል፣ የቁም ሣጥኑ በር አልዘጋ ይላል። ስለዚህ አስተዋይ ገዥ የዕቃውን ፊት ብቻ ዐይቶ አይመለስም። መሳቢያውን ስቦ ይሞክራል፤ ጠረጴዛውን ገልብጦ ሆዱን ያያል፤ ብፌውን ከግድግዳ አርቆ ጀርባውን ይመለከታል። የእግሩ ጫፍ በገበታው ደጋፊ ጎድጓዳ ውስጥ ጠልቆ የገባ ነው ወይስ በምስማር ብቻ የተያዘ? ዕቃው ሙሉ እንጨት ነው ወይስ ከእንጨት ፍቅፋቂ ተጨምቆ የተሠራ ችፑድ? ችፑድ በዋጋው የሚቀል፣ በደረቅ ስፍራም የሚያገለግል ነገር ነው፤ ነገር ግን ውሃ ሲነካው ያብጣል። ስለዚህ በራሱ ስምና በራሱ ዋጋ ሊሸጥ ይገባዋል እንጂ በቀጭን ልባጥ ተሸፍኖ ዋንዛ ነው ሊባል አይገባም።

የእንጨቱ ስም የሚጠየቅበት ሌላም ምክንያት አለ። ለቤት ዕቃ የሚወደዱት ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ በብዙ ዘመን የሚያድጉ የአገር ዛፎች ናቸው። እየተመናመኑ በመሄዳቸው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ እነዚህን አራት የዛፍ ዓይነቶች ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ስለሆነም ከአያት የወረደውን የዋንዛ ጠረጴዛ አሮጌ ነው ብሎ ከመጣል ይልቅ ማስላግና ማስጠገን ለቤቱም ለደኑም ይበጃል። ከተሠራ ብዙ ዘመን የሆነው እንጨት ደርቆ የረጋ ስለሆነ ለጥገና የተመቸ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ሠሪው ነው። ይህን ጥያቄ በሥዕል ረገድ መመለስ ቀላል ይመስላል፤ ሠዓሊው ስሙን በሸራው ላይ ይጽፋልና። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ብዙ ሠዓሊዎችን አፍርቷል። አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር የሚሆን የመስተዋት ሥዕል ብርሃን ሲያልፍበት እንዲታይ ለዚያ ቦታ የታሰበ ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን አገር ትምህርታቸው ተመልሰው የረቂቅ ሥዕልን መንገድ በዚሁ ትምህርት ቤት አስተማሩ። እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ ከሸራ ሌላ በብራናና በዛፍ ልጥ ላይ ሠርተዋል። እነዚህን ሦስቱን የማይመሳሰሉ ሠዓሊዎች ያየ ሰው ኢትዮጵያዊ ሥዕል አንድ መልክ ብቻ እንደሌለው ይረዳል።

የዘመኑን ሥዕል ለቤቱ የሚፈልግ ሰው የታወቀ ስም ብቻ መከተል የለበትም። የሥነ ጥበብ ተመራቂዎች ሥራቸውን የሚያሳዩበትን ዐውደ ርእይ ይጎብኝ፤ ወደ ማሳያ አዳራሾችና ወደ ሠዓሊዎች መሥሪያ ቤት ይሂድ። የወደደውን ሥዕል በዚያው ቀን ከመግዛት ይልቅ በሌላ ቀን ተመልሶ ቢያየው ይሻላል፤ በሁለተኛው ቀን አዲስ ነገር የሚያሳየው ሥዕል በቤትም ቶሎ አይሰለችም። ሥዕሉን ከመጋረጃው ቀለም ጋር ለማስማማት ብሎ መምረጥ ግን መጋረጃውን ከሥዕሉ ማስበለጥ ነው፤ መጋረጃው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይለወጣል። ሥዕሉ ሲሰቀል መካከሉ ከወለሉ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ቢል ለቆመ ሰው ዓይን ይመቻል። ቀጥተኛ የፀሐይ ብርሃን ቀለሙን ያደበዝዘዋል፤ የወጥ ቤት እንፋሎትና ጢስም ይጎዳዋል።

ሥዕሉ የሠሪው ስም አለበት፤ ከሥሩ የተቀመጠው በርጩማ ግን የለበትም። በርጩማው የተሠራው ያለ ዕውቀት ነውን? አይደለም። ስሙ ያልተጻፈው ባለእጅ ለረጅም ዘመን ስለ ተናቀ ነው። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በሥራቸው ይሰደቡ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነውሩ የተስፋፋ ስለ ነበረ ነው። በጉራጌ አገር የቤቱን ምሰሶ የሚያቆሙት እንጨት ሠሪዎች ሙያቸው ለሁሉ ሰው የሚያስፈልግ ሆኖ ሳለ ራሳቸው መሬት እንዳይዙ ተከልክለው ኖረዋል። ቤቱ በእጃቸው ይቆማል፤ እነርሱ ግን ከማኅበሩ ውጭ ነበሩ።

ይህ ንቀት የጎዳው ባለእጁን ብቻ አይደለም። የተናቀን ሙያ ልጅ ሊወርሰው አይወድም፤ ያልተወረሰ ሙያ ደግሞ ከአዋቂው ጋር ይቀበራል። ስለዚህ በርጩማ ወይም መሶብ የሚገዛ ሰው የሠሪውን ስም፣ የተሠራበትን ስፍራና ዘመን ጠይቆ ከዕቃው ሥር ቢጽፍ ትልቅ ሥራ ሠራ ይባላል። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም። ያ ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ለልጅ ሲወርድ ከእንጨቱ ጋር የሰውየው ስም አብሮ ይወርዳል።

ሐ. የቃላት ፍቺ

መደብ፦ በቤት ውስጥ ከፍ ተደርጎ የተሠራ መቀመጫ ወይም መኝታ።
ገበታ፦ እዚህ የጠረጴዛ የላይኛው ጠፍጣፋ ክፍል።
መሳቢያ፦ ከጠረጴዛ ወይም ከቁም ሣጥን እየተሳበ የሚከፈት የዕቃ ማስቀመጫ።
ልባጥ፦ በሌላ ነገር ላይ የሚለበጥ ስስ ሽፋን።
ባለእጅ፦ በእጅ ሙያ የሚተዳደር ሰው።
ዐውደ ርእይ፦ የጥበብ ወይም የሙያ ሥራ ለሕዝብ የሚታይበት ዝግጅት።

መ. የምንባብ ጥያቄዎች

1. የሐረሪ ቤት «ጌጥና አገልግሎት አልተለያዩም» የተባለው ስለ ምንድን ነው? ሁለት ማስረጃ ከምንባቡ አውጡ።
2. ባለ ሦስት እግር በርጩማ የማይንገዳገደው ለምንድን ነው?
3. ያልደረቀ እንጨት በዕቃ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
4. ጸሐፊው ችፑድን ነቅፏልን? የነቀፈው ምን እንደ ሆነ ለይታችሁ ጻፉ።
5. «ቤቱ በእጃቸው ይቆማል፤ እነርሱ ግን ከማኅበሩ ውጭ ነበሩ» የሚለው አነጋገር ምን ዓይነት ተቃርኖ ያሳያል?
6. የሠሪውን ስም ከዕቃው ሥር መጻፍ የተናቀን ሙያ ለማስከበር ይበቃልን? በምክንያት አስደግፋችሁ ተከራከሩ።

ሠ. ሰዋስው፦ ቅጽል

ቅጽል ከስም በፊት እየገባ የስሙን ዓይነት፣ ጠባይ፣ መጠን ወይም ብዛት የሚገልጽ ቃል ነው። በምንባቡ ውስጥ «ጥንታዊ ቤት»፣ «አምስት መደቦች»፣ «ቀጭን ልባጥ» በሚሉት ሐረጎች «ጥንታዊ»፣ «አምስት» እና «ቀጭን» ቅጽሎች ናቸው። እንዲሁም «ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ በርጩማ» ስንል «ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ» የሚለው ሐረግ በሙሉ የቅጽልን ሥራ ይሠራል።

ቅጽል ሁሉ እኩል አይገልጽም። ከዚህ በታች ያሉትን ሁለት ትእዛዞች አስተያዩ።

1. ጥሩና ቆንጆ የሆነ ትልቅ ጠረጴዛ ይሥሩልኝ።
2. ስድስት ሰው የሚያስተናግድ፣ ርዝመቱ 180፣ ወርዱ 90፣ ከፍታው 75 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በሚገባ ከደረቀ የግራቪሊያ እንጨት የተሠራ ጠረጴዛ ይሥሩልኝ።

በመጀመሪያው ትእዛዝ «ጥሩ»፣ «ቆንጆ» እና «ትልቅ» የተናጋሪውን ስሜት እንጂ የጠረጴዛውን መልክ አይነግሩም። አናጢው የመሰለውን ሠርቶ ቢያመጣ ጥፋተኛ ሊባል አይችልም። በሁለተኛው ትእዛዝ ግን እያንዳንዱ ቅጽል ሊለካ ወይም ሊመረመር የሚችል ነገር ይናገራል። አጥርቶ የገለጸ ሰው የፈለገውን ያገኛል፤ ሳያገኝ ቢቀርም በምን እንደ ተጓደለበት ለማስረዳት ይችላል።

መልመጃ፦ ቀጥሎ ባሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ከተሰመረላቸው ይልቅ አጥርተው የሚገልጹ ቅጽሎችን ወይም የቅጽል ሐረጎችን እያስገባችሁ እንደገና ጻፉ። የምትለውጡት በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያለውን ነው።

ሀ) በክፍሉ ውስጥ «ደስ የሚል» ሥዕል ተሰቅሏል።
ለ) እናቴ «ጥሩ» መሶብ ገዛች።
ሐ) አናጢው «መጥፎ» ወንበር ሠራ።
መ) በሳሎኑ ውስጥ «ብዙ» ዕቃ አለ።

ረ. ድርሰት

ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ ከ200 ቃላት ያላነሰ ጽሑፍ አዘጋጁ።

1. በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ቤት የሚገኝ በእጅ የተሠራ አንድ ዕቃ። በመንደርደሪያው ላይ የጻፋችኋቸውን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች መነሻ አድርጉ፤ የጎደለውንም ከአዋቂ ጠይቃችሁ አሟሉ።
2. ለአንድ አናጢ የሚላክ የትእዛዝ ደብዳቤ። አናጢውን በስማቸውና በአክብሮት ጥሩ፤ የዕቃውን ልክ፣ የእንጨቱን ዓይነትና የመገጣጠሙን ሁኔታ ግለጹ።
3. በዐውደ ርእይ ወይም በመጽሐፍ ውስጥ ያያችሁት አንድ ሥዕል። በመጀመሪያ በሥዕሉ ላይ የሚታየውን፣ ቀጥሎ አቀማመጡንና ቀለሙን፣ በመጨረሻም በእናንተ ላይ ያሳደረውን ስሜት ጻፉ።

ስትጽፉ አንድ ሥርዓት ተከተሉ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ወይም ከጠቅላላው ወደ ዝርዝሩ ሊሆን ይችላል። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ድርሰቱን ዕቃውን ላላየ ጓደኛችሁ አንብቡለትና የሰማውን በእርሳስ እንዲነድፍ ጠይቁት። ንድፉ ከዕቃው የተለየበትን ቦታ ተመልክታችሁ በዚያ ስፍራ የጎደለውን ቅጽል ጨምሩ።