ምልክት የተጻፈበት የአውቶሞቢል ታይትልና በገዥው ላይ የሚያመጣው ጉዳት

ያገለገለ አውቶሞቢል ለመግዛት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚመለከተው ቀለሙን፥ ጎማውንና የሞተሩን ድምፅ ነው። ወረቀቱን የሚጠይቀው ልቡ ከወደደና ዋጋው ከተቈረጠ በኋላ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ኦፍ አሜሪካ ግን ስለ አውቶሞቢሉ ያለፈ ታሪክ ከሞተሩ ድምፅ ይልቅ የሚናገረው ይኸው መጨረሻ ላይ የሚጠየቀው ወረቀት ነው። በኢትዮጵያ ሊብሬ የሚባለውን የሚመስለው ይህ የባለቤትነት ማስረጃ በዚያ አገር «ታይትል» ይባላል፤ የሚሰጠውም በማዕከላዊው መንግሥት ሳይሆን በየስቴቱ መሥሪያ ቤት ነው። አውቶሞቢሉ ከባድ ጉዳት ደርሶበት እንደ ሆነ፥ ይህንኑ የሚያመለክት ቃል በታይትሉ ላይ ይጻፍበታል። ምንም ያልተጻፈበት ደግሞ በዚያ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አፍ ሳይቀር «ክሊን ታይትል» ይባላል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያውያንን በሁለት በኩል ይነካል። በዋሽንግተንና በአካባቢው፥ እንዲሁም በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንጀራቸውን የሚያገኙት መኪና በመንዳት ስለሆነ፥ አንድ ሰው ከደመወዙ ቈጥቦ ወይም ዕቁብ ሲደርሰው የሚገዛው ያገለገለ መኪና የሥራ መሣሪያው ነው። ከዚህም ሌላ በአሜሪካ ጨረታ የተሸጡ የተሰበሩ መኪናዎች ባሕር ተሻግረው በሌሎች አገሮች፥ በተለይም በባሕረ ሰላጤው ወደቦች አካባቢ ይታደሱና እንደገና ለገበያ ይቀርባሉ።

ቃሉ በታይትሉ ላይ የሚጻፍበት ምክንያት ከሁሉ አስቀድሞ የሒሳብ ጉዳይ ነው። አንድ መኪና ተጋጭቶ ሲጐዳ የኢንሹራንሱ ኩባንያ ማሠሪያው ስንት እንደሚፈጅና መኪናው ከአደጋው በፊት ስንት ያወጣ እንደ ነበረ ያስተያያል። የማሠሪያው ወጪ ከዋጋው የተወሰነ ክፍል ከደረሰ መኪናው ፈጽሞ እንደ ጠፋ ተቈጥሮ ለባለቤቱ ዋጋው ይከፈለዋል፤ ስብርባሪውም የኩባንያው ይሆንና በጨረታ ይሸጣል። ይህ የተወሰነ ክፍል በየስቴቱ የተለያየ ነው። በኒውዮርክ 75 ከመቶ፥ በፍሎሪዳ 80 ከመቶ፥ በቴክሳስ ደግሞ 100 ከመቶ ነው። ለምሳሌ ያህል፥ ከአደጋው በፊት 12,000 ዶላር ያወጣ የነበረ የአምስት ዓመት መኪና ለማሠሪያው 9,500 ዶላር ቢጠየቅበት፥ በኒውዮርክ ወሰኑ 9,000 ስለሆነ ምልክቱ ይጻፍበታል። በፍሎሪዳ ግን ወሰኑ 9,600፥ በቴክሳስ 12,000 ስለሆነ፥ ኩባንያው በራሱ ፈቃድ ካልወሰነ በቀር ሕጉ አያስገድድም። ስብራቱ አንድ፥ ብረቱ አንድ ሲሆን ወረቀቱ ሁለት ዓይነት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ክሊን ታይትል የሚለው ቃል በዚያ ስቴት ሕግ መሠረት ምንም አልተጻፈበትም ከማለት አልፎ ስለ መኪናው ጤንነት የሚሰጠው ዋስትና የለም።

በታይትል ላይ ከሚጻፉት ቃላት ዋነኞቹ ጥቂቶች ናቸው። «ሳልቬጅ» የተባለው መኪናው እንደ ጠፋ ተቈጥሮ ዋጋው የተከፈለበትና ሳይጠገን በመንገድ ላይ ሊነዳ የማይፈቀድ መሆኑን ያመለክታል። ያው መኪና ተጠግኖ ምርመራ ካለፈ በኋላ «ሪቢልት» ይባላል። «ጀንክ» የተባለው ለመለዋወጫ ወይም ለብረት ካልሆነ በቀር ለሌላ የማይውል ነው። «ፍለድ» የተባለው ደግሞ በጐርፍ የተበላሸ ነው። ከእነዚህም ሌላ ሎሚ የሚሉት አለ። ሎሚ በኢትዮጵያ በጥምቀት በዓል ለወደዷት ልጅ የሚወረወር ቢሆንም፥ በአሜሪካ የንግድ ቋንቋ ግን ገና ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ሕመሙ የማይድን መኪና ማለት ነው። ኮኔክቲከት የተባለው ስቴት እ.ኤ.አ. በ1982 የመጀመሪያውን የሎሚ ሕግ ካወጣ ወዲህ ሌሎቹም ስቴቶች ተከትለውታል፤ ፋብሪካው ከገዥው መልሶ የገዛው እንዲህ ያለ መኪና እንደገና ሲሸጥ በአንዳንድ ስቴቶች በታይትሉ ላይ ይጻፍበታል።

ብዙ ገዥዎች የሚሳሳቱት ሪቢልት በሚለው ቃል ላይ ነው። መንግሥት መርምሮ ያሳለፈው መኪና ከሆነ ምን ያሰጋል ይላሉ። ምርመራው ግን በየስቴቱ የተለያየ ሲሆን፥ የአንዳንዱ ዓላማ ለጥገናው የገቡት ዕቃዎች የተሰረቁ አለመሆናቸውን ማረጋገጥ ብቻ ነው። የኒውዮርክ ምርመራ ለምሳሌ ስርቆትን ለመከላከል የተቋቋመ እንጂ መኪናው ለመንገድ ብቁ መሆኑን የሚመሰክር አይደለም። ሻንሲው ቀጥ ብሎ መበየዱን፥ ፍሬኑ በእኩል መያዙን፥ ከስቱኮውና ከቀለሙ በታች ያለው ላሜራ ምን እንደሚመስል አይነግርም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የኤርባጉ ጉዳይ ነው። በግጭት ጊዜ የፈነዳ ኤርባግ በአዲስ መለወጥ አለበት፤ ዕቃው ውድ ስለሆነ ግን መኪናውን አድሶ ለመሸጥ የገዛው ሰው ርካሹን ይፈልጋል፤ ወይም ቦታውን ባዶ ትቶ ክዳኑን ይገጥምበታል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፥ ደረጃቸውን ያልጠበቁ ርካሽ የኤርባግ መለዋወጫዎች ሲፈነዱ የብረት ስንጥር እየወረወሩ ሰው መግደላቸውን ገልጿል። ገዥው ሞተሩን ሲያስነሣ በክሩስኮቱ ላይ ያለው የኤርባግ መብራት ለጥቂት ሰኮንዶች በርቶ መጥፋት አለበት። በርቶ የማይጠፋ ከሆነ ብልሽት አለ፤ ከነጭራሹ የማይበራ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ሆን ብሎ አጥፍቶት ይሆናልና የባሰ ነው።

የጐርፍ መኪና ግን የተለየ ምዕራፍ ይገባዋል፤ ጉዳቱ ቈይቶ የሚገለጥ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና፥ በ2012 ሳንዲ፥ በ2017 ደግሞ በሂዩስተን ከተማ ላይ ሃርቪ የተባሉት ማዕበሎች በደረሱ ጊዜ በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠሩ መኪናዎች በውኃ ተውጠዋል። የተጋጨ መኪና ቢያንስ የተመታበት ቦታ ይታወቃል። ውኃ የገባበት መኪና ግን ታጥቦ፥ ምንጣፉ ተለውጦ፥ ሽቶ ተረጭቶበት ሲቀርብ ከአዲስ አይለይም። ዝገቱ የሚጀምረው በኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ መገጣጠሚያ ውስጥ ነው። ከወራት በኋላ አንድ ቀን መስተዋቱ አልወርድ ይላል፤ ሌላ ቀን መብራቱ ይጠፋል፤ ከዚያም ሞተሩን የሚያዝዘው ኮምፒዩተር ይበላሻል። መካኒኩ አንዱን ሲጠግን ሌላው ይነሣል፤ ሻጩም በዚያን ጊዜ ስልኩን አያነሣም። የባሕር ውኃ ከሆነ ጨው ስላለበት ዝገቱን ያፋጥነዋል።

ይህን ለማወቅ ዓይንና እጅ ይበቃሉ። መቀመጫው የሚንሸራተትበትን ሐዲድና የመቀመጫውን ብሎኖች ዝቅ ብሎ ማየት፥ የምንጣፉን ጠርዝ ገልጦ ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ መዳሰስ፥ በዕቃ መጫኛው ውስጥ ትርፍ ጎማው የሚቀመጥበትን ጐድጓዳ ቦታ መመልከት ያስፈልጋል። በዚያ የደረቀ ጭቃ ወይም አሸዋ ከተገኘ፥ ወይም በፊት መብራቶቹ ውስጥ የውኃ መሥመር ከታየ ነገሩ ተፈርዷል። ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስቦ ማየትም ደግ ነው፤ አጣቢው የሚረሳው የቀበቶው ጫፍ ነውና። በዚህ ምክንያት የተጋጨ መኪና በዋጋ ተመዝኖ ሊገዛ ቢችልም፥ የጐርፍ መኪና በምንም ዋጋ ቢሆን የሚገዛ አይደለም።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ከሆነ አደጋው በኪስ ላይ ብቻ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2022 ኢያን የተባለው ማዕበል ፍሎሪዳን ከመታ በኋላ፥ በጨው ውኃ ተነክረው የነበሩ አንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ውኃው ከሸሸ በኋላ ከባትሪያቸው እሳት ተነሥቶ ተቃጥለዋል።

እንግዲህ ቃሉ በታይትሉ ላይ የሚጻፍ ከሆነ ገዥው እንዴት ይታለላል የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ የስቴቶቹ ሕግ አንድ አለመሆኑ ነው። ተንኰለኛ ነጋዴ መኪናውን ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው ወስዶ አዲስ ታይትል ሲያወጣበት፥ ሁለተኛው ስቴት የመጀመሪያውን ቃል የማያውቀው ወይም በሌላ ስም የሚጠራው ከሆነ ምልክቱ ይጠፋል። ይህን ሥራ አሜሪካኖች ታይትል ማጠብ ይሉታል። ጥፋቱ ሁልጊዜ የመንደር ደላላ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ታላቅ የኢንሹራንስ ኩባንያ፥ ተገቢው የሳልቬጅ ታይትል ሳይወጣባቸው ተሸጠው ወደ 30,000 የሚጠጉ መኪናዎችን ለገዙ ሰዎች 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከስቴቶቹ ዐቃብያነ ሕግ ጋር ተስማምቷል።

ይህን ለመከላከል የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው ሕግ መሠረት ብሔራዊ የተሽከርካሪ ታይትል መዝገብ ተቋቁሟል። ከ2009 መጋቢት ወር ወዲህም የኢንሹራንስ ኩባንያዎችና የስብርባሪ ነጋዴዎች የያዙአቸውን መኪናዎች በየወሩ ለመዝገቡ እንዲያስታውቁ ተገድደዋል። ማናቸውም ሰው የመኪናውን ቍጥር ሰጥቶ፥ ከተፈቀደላቸው ድርጅቶች በትንሽ ገንዘብ የመዝገቡን ቃል ማግኘት ይችላል። ቍጥሩ ከ1981 ጀምሮ 17 ፊደልና አኃዝ ያለው ሲሆን፥ ከአኃዝ ጋር እንዳይምታቱ አይ፥ ኦ እና ኪው የተባሉት ፊደሎች በውስጡ አይገኙም። የሚገኘውም በመሪው በኩል ከፊት መስተዋቱ ሥርና በነጂው በር ምሰሶ ላይ ነው፤ ሁለቱ ከታይትሉ ጋር አንድ መሆናቸው መታየት አለበት።

መዝገቡም ቢሆን ወሰን አለው። ለሌላ ሰው ጉዳት ብቻ የሚከፍል ኢንሹራንስ የገባ ባለቤት የራሱን መኪና ሲሰብር ኩባንያው ስለማይከፍለው ወደ መዝገብ የሚገባ ነገር የለም፤ መኪናውን በጓሮው አሠርቶ በክሊን ታይትል ይሸጠዋል። የመዝገቡ ወረቀት ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ከሻጩ ጋር ዝምድና በሌለው መካኒክ ክሪክ ላይ አውጥቶ ማስመርመር የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1985 ወዲህ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ደንብ የመኪና ነጋዴ በመስተዋቱ ላይ የገዥ መምሪያ እንዲለጥፍ ያዝዛል። በዚያ ላይ «አዝ ኢዝ» የሚል ከተመለከተ መኪናው ከነእንከኑ ያለ ዋስትና ተሸጠ ማለት ነው። ከግለሰብ የሚገዛ ግን ይህንንም አያገኝም።

በገንዘብ በኩል የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ እንደሚከተለው ሊታሰብ ይችላል። አንድ ሰው ክሊን ታይትል ሲሆን 14,000 ዶላር የሚያወጣውን መኪና፥ ሪቢልት በመሆኑ በ9,000 ገዝቶ 5,000 ዶላር አተረፍሁ ይላል። ወደ ባንክ ቢሄድ ብዙዎቹ ባንኮች ለእንዲህ ያለው መኪና ስለማያበድሩ ሙሉውን በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል። አንዳንድ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ሙሉ ዋስትና አይሰጡትም፤ የሚሰጡትም አደጋ ሲደርስ የሚከፍሉት የተቀነሰውን ዋጋ ነው። የፋብሪካው ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ ሳልቬጅ በተባለ ጊዜ ቀርቷል። መኪናውን የገዛው በኡበር ሊሠራበት ከሆነ፥ ኩባንያው ሳልቬጅም ሆነ ሪቢልት የሆነ መኪና ስለማይቀበል ሥራው ሳይጀመር ይቆማል። አተረፍሁት ያለው 5,000 ዶላር ከጥቂት ሳምንታት ገቢ ጋር አብሮ ሄደ ማለት ነው። ልሽጠው ቢል ቃሉ ከታይትሉ ላይ አይፋቅምና፥ ቀጣዩ ገዥ ደግሞ የራሱን ቅናሽ ይጠይቀዋል።

ሆኖም ምልክት ያለበት መኪና ሁሉ እኩል አይደለም። በረዶ ዘንቦበት ኮፈኑና ጣሪያው በብዙ ቦታ ስለ ጐደጐደ፥ ወይም ተሰርቆ ባለቤቱ ካሳ ከተቀበለ በኋላ ስለ ተገኘ ብቻ ሳልቬጅ የተባለ አለ። የጉዳቱ ፎቶግራፍና የጥገናው ደረሰኝ ከቀረበ፥ ገዥውም ለሥራ ሳይሆን ለራሱ መመላለሻ ፈልጎት ለብዙ ዓመት ሊይዘው ካሰበ፥ እንዲህ ያለው ግዢ የሚነቀፍ አይሆንም። ፎቶግራፉን ማሳየት የማይፈልግ ሻጭ ግን አስቀድሞ መልስ ሰጥቷል።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ፥ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ አስመጪው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪናዎች አዙሯል። ቀድሞ የገቡት ግን ከእጅ ወደ እጅ መሸጣቸው አልቀረም። የአሜሪካው መዝገብ የሚሠራው በአሜሪካ ውስጥ ስለሆነ፥ መኪናው አንድ ጊዜ ወደ ባሕረ ሰላጤው ተሻግሮ ከታደሰ በኋላ የቀድሞው ቃል ተከትሎት መምጣቱ በሻጩ ታማኝነት ላይ የቆመ ነው። ቍጥሩ ግን ከሻንሲው ጋር አብሮት ይጓዛል። የፍጥነት መለኪያው በኪሎ ሜትር ፈንታ በማይል የተጻፈ ግራ መሪ መኪና አዲስ አበባ ላይ ለሽያጭ ሲቀርብ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ስለ መሆኑ ጥሩ ምልክት ነው፤ ገዥውም ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ቍጥሩን በኢንተርኔት ልኮ የአሜሪካውን መዝገብ ቃል ለማስመጣት ይችላል። ኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ የባትሪው ምርመራ ውጤት በጽሑፍ ይጠየቃል። በሽያጩ ውል ላይም 17ቱ ቍጥሮች በሙሉና መኪናው በጐርፍ ወይም በግጭት እንደ ጠፋ ተቈጥሮ እንደማያውቅ የሚገልጽ የሻጩ ቃል፥ ምስክሮች ሳይፈርሙ አስቀድሞ እንዲገባ ማድረግ ይገባዋል።