ነጠብጣቡ ሲጠፋ በሽታው ጠፋ ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ የባሕር ዓሣዬ ገላ ላይ የጨው ቅንጣት የሚያህል ነጭ ነጠብጣብ ወጣበት። ምግቡን በነጭ ሽንኩርት እያሸሁ ሰጠሁት፤ በአራተኛው ቀን ጠፋለት። አሁንም መድኃኒት ያስፈልገዋል?

መልስ፦ አዎን፣ ያስፈልገዋል። የጌጥ ዓሣ የሚያክሙት ሐኪም እንዲህ ያለ ጥያቄ በደረሳቸው ቁጥር ለመመለስ የሚቸኩሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ጠያቂው ዓሣዬ ዳነልኝ ብሎ እፎይ ባለበት በዚያው ሳምንት ገንዳው ውስጥ የባሰው እየተፈለፈለ ነው።

ነጠብጣቡን የሚያመጣው ክሪፕቶካሪዮን ኢሪታንስ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተህዋስ ነው። ዓሣው ቆዳ ውስጥ ገብቶ ከ3 እስከ 7 ቀን ይመገባል፤ ሲጠግብ ራሱ ለቆ ይወርዳል። ከዚያም አሸዋና ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ጠንካራ ሽፋን ያበጅና ይከፋፈላል። ከአንዱ ሽፋን እስከ 200 የሚደርሱ አዳዲስ ተህዋስያን ሊወጡ ይችላሉ። አብዛኞቹ ከ3 እስከ 28 ቀን ውስጥ ይፈለፈላሉ፤ እስከ 72 ቀን የቆዩም ተመዝግበዋል። እንግዲህ በአራተኛው ቀን ነጠብጣቡን ያጠፋው ነጭ ሽንኩርቱ አይደለም፤ ተህዋሱ ጊዜው ደርሶ ወርዶ ነው።

ነጭ ሽንኩርት የሚጠፋበት ቤት የለም፤ ጉንፋንም ሲይዘን የምንሮጠው ወደ እሱ ነው። ሐኪሙ በዚህ አይቆጡም። የሚያናድዳቸው በሽንኩርቱ ተስፋ የሚባክነው ጊዜ ነው። ሽታው ምግብ የተጠየፈ ዓሣን ሊያባብለው ይችል ይሆናል፤ ቆዳ ውስጥ የተቀበረውን ተህዋስ ግን አይነካውም። ጽዳተኛ ሽሪምፕ ገዝቶ መጨመርም መፍትሔ አይሆንም። ውኃውን ማሞቅ ደግሞ ከወንዝና ከሐይቅ ዓሣ ሕክምና የተወሰደ ምክር ነው። የዚያኛው ነጭ ነጠብጣብ መነሻ ሌላ ተህዋስ ነው፤ የባሕሩ በሙቀት አይጠፋም። ይልቁንም የሞቀ ውኃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ ስንጥቡ የቆሰለውን ዓሣ ይብስ ያፍነዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የውኃው አሞኒያ ይለካ። በውኃ መበላሸት የሚያለከልክ ዓሣ መድኃኒት ሲጨመርበት ሊሞት ይችላል።

ዋናው መድኃኒት መዳብ ነው፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። መዳብ የሚገድለው ተፈልፍሎ ዓሣ ፍለጋ የሚዋኘውን ተህዋስ ብቻ ነው። ቆዳ ውስጥ ያለውም ሆነ በሽፋን የተዘጋው አይደረስበትም። በመሆኑም መጠኑ አንድም ቀን ሳይወርድ ቢያንስ ለ3 ሳምንት፣ ብዙ ጊዜም ለ30 ቀን ውኃው ውስጥ መቆየት አለበት። በ5ኛው ቀን ቆዳው ጠራ ብሎ መድኃኒቱን የሚያቆም ሰው፣ ትኩሳቱ ሲበርድለት የወባ ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ከሚከተው በሽተኛ አይለይም። ተራው መዳብ በሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም ይፈለጋል፤ ከዚያ ካነሰ አይሠራም፣ ከበለጠ ዓሣውን ይመርዛል። ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ተጣምረው የሚሸጡት የመዳብ ዓይነቶች ልካቸው የተለየ ስለሆነ የጠርሙሱ ጽሑፍ መነበብ አለበት። መጠኑን በሁለት በሦስት ቀን ቀስ እያሉ ማድረስ፣ ከዚያም በየቀኑ በመመርመሪያ ኪት መለካት ነው። በጠብታ ቁጥር ብቻ መተማመን አይቻልም።

ይህ ሁሉ የሚደረገው በዋናው ገንዳ ውስጥ አይደለም። መዳብ ኮራልንና ሽሪምፕን ይገድላል፤ ድንጋዩና የኮራል አሸዋውም መዳቡን ስለሚመጥጡት መጠኑ አይረጋም። ዓሦቹ በሙሉ፣ ጤነኛ የሚመስሉትም ጭምር፣ አሸዋ ወደሌለው ሌላ ገንዳ ይዛወራሉ። ዋናው ገንዳ ደግሞ ያለ ዓሣ ይቆያል፤ ብዙ አርቢዎች የሚጠብቁት 76 ቀን ነው። ባዶ ገንዳ ለሁለት ወር ተኩል እያዩ መቀመጥ ከባድ እንደሆነ ሐኪሙ ያውቃሉ። ልጆች በየቀኑ “ዶሪ መቼ ነው የምትመለሰው?” ብለው ሲጠይቁ የወላጅ ልብ ይራራል። ግን ያቺ እ.ኤ.አ. በ2003 ፊልም የታወቀችው ሰማያዊ ዓሣ ለዚህ በሽታ በቀላሉ ከሚጋለጡት አንዷ ናት፤ ቸኩሎ የመለሳት ሰው እንደገና ያሳምማታል።

መዘግየት ጨርሶ የማይፈቀድበት ሌላ በሽታ አለ፤ አሚሉዲኒየም ይባላል። አስቀድሞ የሚያጠቃው ስንጥብን ስለሆነ ቆዳው ላይ ምንም ሳይታይ ዓሣው ሊሞት ይችላል። ምግብ የተወ፣ ብርሃን የሚሸሽ፣ አፉን ወደ ፓምፑ ሞገድ አዙሮ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ዓሣ ከታየ የክፍሉን መብራት አጥፍቶ ባትሪ ከጎን ማብራት ይጠቅማል። ቆዳው ላይ ደቃቅ ወርቃማ አቧራ ከታየ ነገ የሚባል ቀጠሮ የለም፤ የገንዳው ዓሣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። የውኃውን ጨው መቀነስ ለነጭ ነጠብጣብ የታወቀ ሕክምና ቢሆንም ለዚህኛው አይረዳም። በወባ መድኃኒትነቱ የምናውቀው ክሎሮኪን እዚህም ያገለግላል፤ ግን ሐኪም ልኩን ያዘዘው ንጹሕ ዱቄት እንጂ ከቤት የተገኘ ክኒን ተፈጭቶ አይደለም።

አዲስ ዓሣ ከሱቅ ሲመጣ፣ ከቀይ ባሕርም ይሁን ከሌላ ባሕር የተያዘ፣ 30 ቀን ለብቻው ይቆይ። ለዚህ ትልቅ ወጪ አያስፈልግም፦ ባዶ ገንዳ፣ ማሞቂያ፣ የስፖንጅ ማጣሪያና መደበቂያ የሚሆነው ቁራጭ የፕላስቲክ ቧንቧ ይበቃል። መረቡና ባልዲው ግን ለየገንዳው የራሳቸው ይሁኑ። በረጠበ መረብ በሽታውን ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው ያሻገሩ ብዙዎች ናቸው።