በእርሻ ሥራ ስለ ድፍረትና ስለ ኪሣራ

በናይሮቢ ከተማ፣ ዛሬ የኬንያታ ጎዳና በሚባለው ሰፊ መንገድ ላይ የሎርድ ደላሜር የነሐስ ሐውልት ቆሞ ነበር፤ መንገዱም በስሙ ይጠራ ነበር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1963 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ኬንያ ነጻ ስትወጣ ሐውልቱ ከስፍራው ተነሣ። የሰውዬው የእርሻ ታሪክ ግን ደፋርን ማመስገን ለለመድን ሁሉ ይጠቅመናል።

ደላሜር በንጆሮ 40,000 ሄክታር ያህል መሬት ከመንግሥት በኪራይ ተቀበለ። ከውጭ አገር ያስመጣቸው በጎች አለቁበት፤ ከብቶቹን በሽታ ፈጃቸው፤ ወደ ስንዴ ቢዞር ስንዴውን ዋግ መታው። እርሱ ግን ቤተ ሙከራ አቋቁሞና ባለሙያ ቀጥሮ ዋግን የሚቋቋም ዘር ወደ ማዳቀል ተሻገረ። የኬንያ የስንዴ እርሻ ከዚህ ድካም ብዙ ተጠቅሟል። እንዲህ ያለው ሙከራ በእውነት ይመሰገናል፤ አንዱ ከስሮ ያገኘውን ዕውቀት ሌላው ሳይከስር ይወስደዋልና።

ይሁን እንጂ ሒሳቡም አብሮ መነገር አለበት። ደላሜር በእንግሊዝ አገር ርስት ነበረው፤ ርስቱንም እያስያዘ ይበደር ነበር። በ1931 ሲሞት ብዙ የባንክ ዕዳ ትቶ አለፈ። በስምጥ ሸለቆ ከብታቸውን ያሰማሩ የነበሩት ማሳዮች ደግሞ በ1904 በተደረገ ውል ሰፊ የግጦሽ መሬት እንዲለቁ ተደርገዋል። ለእነርሱ ሐውልት አልቆመላቸውም።

መያዣ የሚሆን ርስት የሌለው ሰው ይህን ድፍረት ልከተል ቢል ምን እንደሚያገኘው በ2013 በዚያው በኬንያ ታይቷል። የድርጭት እንቁላል ብዙ በሽታ ይፈውሳል ተብሎ ስለተወራ ዋጋው ከዶሮ እንቁላል ብዙ እጥፍ ሆነ። ድርጭት የዱር ወፍ ናትና ለማርባት ከአገሩ የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማውጣት ያስፈልግ ነበር፤ ፈቃድ ጠያቂውም በዛ። ነገር ግን ከእንቁላሉ ተመጋቢ ይልቅ ወፍ ገዝቶ እርባታ የሚጀምረው አዲስ ሰው ነበር ገበያውን ያሞቀው። እርሱ ሲያንስ በ2014 ዋጋው ወደቀ። ቀድመው ገብተው ጫጩትና መፈልፈያ መሣሪያ የሸጡት አተረፉ፤ በብድር ዘግይተው የገቡት ገዢ አጥተው ወፎቻቸውን አረዱ። እንደ እኔ አስተያየት፣ የኋለኞቹ ከፊተኞቹ ያነሰ ድፍረት አልነበራቸውም።

ስለዚህ የእርሻ ሠራተኛ ገበሬውን «ድፈር» ከማለቱ አስቀድሞ፣ ሙከራው ቢከሽፍ ለቤተ ሰቡ የዓመት ቀለብና ለከርሞ ዘር የሚተርፈው መሆኑን ይጠይቅ። አዲስ ዘር በመጀመሪያው ዓመት በማሳው ጥግ ይሞከር፤ ገዢውም ከመዘራቱ በፊት ይታወቅ።

ኪሣራን መከፋፈልም ይቻላል። በ2009 በኬንያ ላይኪፒያ ለጥቂት ገበሬዎች የዝናብ መድን ተጀመረ፤ ዝናብ መለኪያው ጣቢያ ድርቅ ሲመዘግብ ካሣ ይከፈል ነበር እንጂ ማሳው አይጎበኝም ነበር። በዚያው ዓመት በትግራይ፣ በአዲ ሐ፣ ለጤፍ ተመሳሳይ መድን ሲጀመር ገንዘብ የሌለው ገበሬ በአፈር ጥበቃ ሥራ ጉልበቱን ሰጥቶ መድን መግባት ችሏል። እንዲህ ያለው መድን የዝናብን እጥረት ብቻ ይክሳል፤ የገበያን መውደቅ አይሸፍንም፤ ለድርጭት አርቢዎቹም ባልደረሰላቸው ነበር።