የእንጀራን መጠን መቀነስ ወይስ ጨርሶ መተው? “ኪቶ” በመካነ ሰላም ገበታ ላይ



ውድ የዚህ ዓምድ ተከታታዮች፣ “ኪቶ” የሚባለው አመጋገብ ወደ ወሎ ደጋም ደርሷል። አንዱ በስልኩ ከተመለከተው ፊልም፣ ሌላው ከጂዳ ከተመለሰች እህቱ ሰምቶ ይጀምረዋል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ በሶ፣ ድንችና ስኳር ከገበታው ይነሳሉ፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ቅቤና ጎመን ይተካሉ። በመጀመሪያው ወር ቀበቶ ይሰፋል፣ የደም ስኳርም ይወርዳል፤ ሰውየው “አልሐምዱሊላህ፣ ዳንኩ!” ይላል። በአራተኛው ወር ስናገኘው ግን “ኧረ እሱንማ ተውኩት” የሚል መልስ ይሰጠናል። የዛሬው ርዕሳችን ስለ መጀመሪያው ወር ሳይሆን ስለዚህ አራተኛ ወር ነው።

ኪቶ ምንድን ነው?

የምንበላው እህል በሆዳችን ተፈጭቶ ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር ይለወጣል፤ ሰውነታችንም ይህን እንደ ማገዶ ይጠቀምበታል። እህሉ በጣም ሲቀንስ፣ ይኸውም በቀን ከ20 እስከ 50 ግራም ካርቦሃይድሬት ብቻ ሲገባ፣ ጉበት ስብን ወደ “ኪቶን” ይለውጣል፤ አንጎልና ጡንቻም በዚህ መሥራት ይጀምራሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1921 አሜሪካ ውስጥ በማዮ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሩሴል ዋይልደር ይህን አመጋገብ ያቀረበው ለሚጥል በሽታ ሕሙማን ነበር። ለውፍረት መቀነሻነት በሰፊው የታወቀው አትኪንስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1972 መጽሐፉን ካወጣ በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት የሚታየው የክብደት መቀነስ ብዙ ሰው የሚያታልል ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሰውነታችን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ የተወሰነ ስኳር ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ ግራም ከሱ ጋር ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይይዛል። እህል ሲቀር ይህ ክምችት ያልቅና ውኃውም አብሮ በሽንት ይወጣል። ስለዚህ በሳምንት ውስጥ የጠፋው ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ በአብዛኛው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም። ራስ ምታቱ፣ ድካሙና የሆድ ድርቀቱ የሚመጡትም በዚሁ ጊዜ ነው። በተቃራኒው በአንድ ሰርግ ላይ ጠግበው ቢበሉና በማግሥቱ ሁለት ኪሎ ጨምረው ቢገኙ፣ የተመለሰው ያው ውኃ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው “ድካሜ ሁሉ ከንቱ ሆነ” ብሎ ያኔውኑ ይተወዋል።

ጥናቱ ምን አሳየ?

እ.ኤ.አ. በ2021 የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት በሆነው ቢኤምጄ ላይ 23 ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ሥራ ታትሞ ነበር። ተሳታፊዎቹ ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ያለባቸው 1,357 ሰዎች ናቸው። ከስድስት ወር በኋላ እህል ከቀነሱት ውስጥ 57 በመቶው የስኳር መጠናቸው ከበሽታው ወሰን በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ሌላ አመጋገብ ከተከተሉት ግን 31 በመቶው ብቻ። ማሻአላህ የሚያሰኝ ውጤት ነው። ዓመት ሲሞላ ግን ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ።

በዚሁ ሥራ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅም ሌላ ነገር አለ። እህልን እጅግ በጣም የቀነሱት ሰዎች በመጠኑ ከቀነሱት ያነሰ ክብደት ነበር የቀነሱት። ምክንያቱ ሲፈለግ አመጋገቡን ጠብቆ መቆየት አለመቻል ሆኖ ተገኘ። ጠብቀው የቆዩት ተጠቅመዋል፤ አብዛኛው ግን አልቻለም። በጥናቱ “ዝቅተኛ” የተባለው ወሰን በቀን ከ130 ግራም በታች ነው። ኪቶ 20 ሲል ይህ 130 ይላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለአንባቢው የሚመርጠውም 130ን ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከሥራ ሁሉ አላህ ዘንድ ተወዳጁ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው እንደሆነ ማስተማራቸውን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አስተላልፋልናለች። ሐዲሱ ስለ ዒባዳ ነው፤ ነገር ግን ገበታችንንም በሱ ብንመዝነው የምንስት አይመስለኝም።

በደጋው ለምን አይዘልቅም?

ምሳሌያችንን ከመካነ ሰላምና ከአካባቢዋ፣ ከቦረና፣ ከወግዲ፣ ከከላላና ከሳይንት እንውሰድ። በደጋው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ፣ ወረድ ሲል ጤፍ፣ ወደ ዓባይና በሽሎ ቆላ ሲወርዱ ማሽላ ይበቅላል። ገበሬው የሚያመርተው እህል ነው፤ ጎተራው ውስጥ ያለውም እህል ነው። በግና ቅቤ አለ፤ ግን በጉ የሚታረደው ለዒድ ወይም ለእንግዳ ነው፣ ቅቤውም ገበያ ወጥቶ ለልጆች ደብተርና ለማዳበሪያ ገንዘብ ይሆናል። በየቀኑ ሥጋና ቅቤ ብላ የሚል ምክር ለአንድ ሰው ጤና ብሎ የቤተሰቡን ጥሪት ሊያሟጥጥ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ገበታው የጋራ መሆኑ ነው። በአንድ ትሪ ዙሪያ ስድስት ሰው ተቀምጦ ሳለ አንዱ ለብቻው እንቁላል ይዞ ጥግ ቢቀመጥ “ምን አስቀየምንህ?” ይባላል። ባለቤቱም ሁለት ጊዜ ማብሰል አለባት። በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. በነበሩት የረሃብ ጊዜያት ውስጥ ያለፉ አባቶችና እናቶች በሕይወት ባሉበት አገር “እንጀራ አልበላም” የሚለው ቃል ራሱ ለጆሮ ይከብዳል። በዚህ ላይ ኒካሑ፣ አቂቃው፣ ሰደቃው፣ መውሊዱ አለ። “በአላህ ይዤሃለሁ፣ ይቺን ብቻ!” ተብሎ የተዘረጋን ጉርሻ መመለስ ለወሎ ሰው ቀላል አይደለም፤ መመለስም ያለበት አይመስለኝም።

ቅቤንም በተመለከተ አንድ ነገር እንበል። አንዳንድ ሰዎች በኪቶ ላይ ሳሉ ለልብና ለደም ሥር ጎጂ የሆነው የኮሌስትሮል ዓይነት በጣም ይጨምርባቸዋል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ለመቀጠል ያሰበ ሰው ሳይመረመር በቅቤ ላይ ብቻ መመካት የለበትም።

መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ

እባክዎ ይህን ክፍል ሳያነቡ ምንም አይጀምሩ። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን እንክብል የሚውጡ ሰው በአንድ ጊዜ እህል ቢያቆሙ፣ መድኃኒቱ የሚያወርደው ስኳር ያጣና የደም ስኳርዎ ከሚገባው በታች ይወድቃል። ላብ ያሰምጣል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ሰውየው እንደ ሰከረ ይወላገዳል፤ ካልተደረሰለትም ራሱን ስቶ ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ካጋጠመዎና መዋጥ የሚችል ከሆነ ቶሎ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ያጠጡት፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳያደርጉ ወደ ጤና ተቋም ያድርሱት። ኢንሱሊንን በራስ ፈቃድ ማቆምም ሌላው አደጋ ነው። ትክክለኛው መንገድ አስቀድሞ ሐኪሙን “እህል ልቀንስ ነው” ብሎ ማማከርና የመድኃኒቱን መጠን አብሮ ማስተካከል ነው። የደም ግፊት መድኃኒትም እንዲሁ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን የሚባሉትን አዳዲስ እንክብሎች የሚወስድ ሰው ደግሞ ኪቶን ጨርሶ አይሞክር፤ ስኳሩ ደህና መስሎ ሳለ ደሙ በአሲድ ሊመረዝ ይችላል።

በተለይ ለገጠሩ ወንድምና እህት የሚሆን ሌላ ማሳሰቢያ አለ። የስኳር በሽታ የወፍራም ሰው በሽታ ብቻ አይደለም። በጎንደርና በጅማ አካባቢ ገጠሮች የተደረጉ ጥናቶች ከልጅነት ምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የሚመስል የስኳር በሽታ በቀጫጭን ወጣት ገበሬዎች ላይ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ይህን “ዓይነት 5” በሚል ስም እውቅና ሰጥቶታል። እንዲህ ያለው ሰው የሚያስፈልገው የሚገነባ ምግብ ነው፤ ኪቶ ይጎዳዋል። ዓይነት 1 ላለበት፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት፣ ለልጆችም ይህ አመጋገብ አይመከርም።

130 ግራም በገበታ ላይ

አሁን ወደ መሶቡ እንቅረብ። አንድ የጤፍ እንጀራ 300 ግራም ቢመዝን በውስጡ ወደ 100 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። በማሽላ ወይም በገብስ ቢጋገርም ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ሁለት እንጀራ በቀን የሚበላ ሰው ከእንጀራ ብቻ 200 አለፈ ማለት ነው። ሥጋና እንቁላል ምንም የላቸውም ማለት ይቻላል። አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 12 ግራም፣ አንድ ጭልፋ ሽሮ እንደ ውፍረቱ ከ15 እስከ 20፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4፣ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ያህል ይይዛል።

በመሆኑም ቁርስ ላይ ሁለት እንቁላል ወይም አይብ በጎመን፣ ምሳ ላይ ግማሽ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፣ እራት ላይ ሩብ እንጀራ በጎመንና በተገኘው ወጥ፣ በመካከል አንድ ብርጭቆ ወተት ቢወሰድ ድምሩ ከ130 በታች ይሆናል። ይህን ቤተሰቡ ከሚበላው ሳይለዩ ማድረግ ይቻላል። የሚለየው የእንጀራው መጠን ብቻ ነው። ትሪው ሲቀርብ ድርሻዎን አስቀድመው ቆርሰው ከፊትዎ ያድርጉ፤ ከፊት ለፊት መብላት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተማርነው አደብ ስለሆነ ማንም አይታዘብዎትም። ጎመኑንና ወጡን ቀደም፣ እንጀራውን ኋላ አድርጎ መብላትም ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ይቀንሳል። (ጎመን በማንኪያ መብላት በሽማግሌ ፊት ትንሽ ያስቃል፤ ይሳቁ።)

ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስት ስኒ ነው። በየስኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር ከገባ 24 ግራም ሆነ፤ ሩብ እንጀራ ማለት ነው። እናቶቻችን ቡናን በጨው ይጠጡ የነበረበትን ልማድ ማን እንዳስተወን አይገባኝም፤ ግፊት የሌለበት ሰው ቢመልሰው ጥሩ ነው፣ ግፊት ያለበት ደግሞ ባዶውን ይልመደው። ማርን በተመለከተ፣ በቁርኣን ፈውስ እንዳለበት የተነገረለት መሆኑን እናምናለን። ይሁን እንጂ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወደ 17 ግራም ስኳር ነው፤ የስኳር ሕመምተኛ ከድርሻው ላይ ሊቆጥረው ይገባል።

ከእህል ለቀነሰው ሰው ጥሩ ወዳጅ የሚሆነው በደጋችን የሚበቅለው ተልባ ነው። ካርቦሃይድሬቱ አብዛኛው አሰር ስለሆነ ስኳር አያወጣም፤ የሆድ ድርቀትንም ይከላከላል። ተቆልቶና ተወቅጦ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ስኳር ግን አይጨመርበት። ባቄላና ሽምብራም በመጠኑ ይበሉ። በጓያ ግን አይተኩት፤ ጓያ ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ እንደሚያደርግ የሚታወቅ ነው።

ግብዣ ሲመጣ ይሂዱ፣ ጉርሻውን ይቀበሉ፣ በማግሥቱ ወደ ግማሽ እንጀራዎ ይመለሱ። እንደ ቅጣት ሁለት ቀን መጾም ወይም መድኃኒት መጨመር አያስፈልግም።

ረመዷን ሲገባ

አመጋገቡ በብዛት የሚፈርሰው በዚህ ወር ነው። ሳምቡሳው፣ የአጃ ሾርባው፣ ጭማቂውና ተምሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይገባሉ። በአንድ ወይም በሦስት ተምርና በውኃ ያፍጥሩ፤ ሦስት መካከለኛ ተምር ወደ 20 ግራም ነው። መግሪብን ሰግደው ሲመለሱ ከጎመንና ከሥጋ ይጀምሩ፤ ሳምቡሳው አንድ ይበቃል። ሱሑርን አይዝለሉ፤ እንቁላል፣ እርጎና ሩብ እንጀራ ከብዙ ዳቦ ይልቅ እስከ ቀትር ያቆያል። መጾም ስለመቻልዎ ግን ወሩ ከመግባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አስቀድመው ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ የመድኃኒቱም ሰዓትና መጠን ያኔ ይስተካከላል። ለሕመምተኛ አላህ ፈቃድ ሰጥቷል።

ጾመኛ ሆነው ጣትዎን ወግተው ደም ቢለኩ ጾም እንደማያፈርስ በርካታ የዘመናችን ዑለማዎች ገልጸዋል። መሣሪያው ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ካሳየ፣ መግሪብ ሊደርስ አሥር ደቂቃ ቢቀረውም ያፍጥሩ። ከዒድ በኋላ ደግሞ የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየውን ምርመራ ያሠሩ። ምርመራው በአቅራቢያዎ ከሌለ ለሌላ ጉዳይ ደሴ ሲሄዱ አብረው ሊያሠሩት ይችላሉ፤ ቁጥሩን ከቀኑ ጋር በደብተር ጽፈው ለቀጣዩ ቀጠሮ ይያዙት።

ወላሁ አዕለም።