ባሕሩን በሱፍ አትግደይው

እስቲ የመድረኩንና የልብሱን ንድፍ ወደኔ አዙሪው። ጎጆ ቤት፣ ግድግዳው ላይ አገልግል፣ ጥግ ላይ ጀበና፣ ሴቶቹ ሁሉ ባለ ጥበብ ቀሚስ፣ ሙሽራው ባሕሩ ደግሞ ጥቁር ሱፍ ከነክራቫቱ። እጅሽ ጥሩ ነው፣ መስመርሽ አይንቀጠቀጥም። ግን እህቴ፣ ይሄ የት አገር ነው? በበዓል ቀን በቴሌቪዥን የምናየው «ገጠር» ነው እንጂ የሸዋ ሮቢቱ ቀወት አይደለም። የሸዋ ሮቢት ሰው ደግሞ አገሬ ነው ብሎ መጥቶ አገሩን ሲያጣው ዝም አይልም፤ ከኋላ ወንበር መሳቅ ይጀምራል።

የመንግሥቱ ለማን «ያላቻ ጋብቻ» መርጣችሁ ታሪኩን ወደ ይፋት ቆላ ማውረዳችሁ ደግ ነው። የባላባት ዘር የሆነው፣ የተማረው ባሕሩ የቤት ሠራተኛውን ሊያገባ ነው፤ አክስቱ ይህን እንዴት ትቀበል? ይህን የደረጃ ርቀት ተመልካቹ በዐይኑ ካላየው ተዋናዮቹ የፈለጉትን ያህል ቢጮሁ ዋጋ የለውም። አንቺ ደግሞ ሦስቱንም አዲስ ልብስ አልብሰሽ እኩል አደረግሻቸው። ታዲያ ጋብቻው ምኑ ላይ ነው ያላቻ የሆነው?

አክስቲቱን ከደጋ የወረደች እናድርጋት። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። መኪናው የጣርማ በርን ዋሻ ወጥቶ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ሲጨርስ ተሳፋሪው ሹራቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል። እሷ ግን ካባዋን አታውልቅ። ላቧ በጆሮ ግንዷ እየወረደ፣ በመሐረብ እየጠራረገች፣ ካባውን አታወልቅም። ኩራቷ እሱ ነው፤ ደራሲው ያልጻፈው ቃል ይሁንሽ። ተዋናይዋን እንዳትደፊያት ግን ካባውን ያለ ገበር ስፊው፣ ከስር እጅጌ የሌለው የጥጥ ሸሚዝ አልብሻት።

ባሕሩን በሱፍ አትግደይው። ኮቱ ይኑረው፣ ግን ምሰሶ ላይ ይሰቀል። በመጀመሪያው ትዕይንት ንጹሕ፣ ቀጥሎ ትከሻው አቧራ የጠጣ፣ በመጨረሻ ሰው ዕቃ ማንጠልጠያ ያደረገው። አንድ ኮት ብቻውን ሰውዬው ከቆላው ጋር እንዴት እንደተላመደ ይነግርልሻል።

አሁን ወደ ልጅቷ፣ ወደ ሠራተኛዋ። ለሠርጉ ጥልፍ ቀሚስ ልትገዢ ነው አሉ፤ ገንዘባችሁን አታባክኚ። ነጠላዋን ተይልኝ። ነጠላ አለባበስ ቋንቋ መሆኑን አያትሽ ያውቃሉ፦ አዘቅዝቃ የለበሰች ሐዘንተኛ ናት፣ መስቀልኛ ያጣፋች ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ወገቧ ላይ አደግድጋ የታጠቀች በጌታ ፊት የቆመች ናት። ልጅቷ በአክስቲቱ ፊት በወጣች በገባች ቁጥር ታደግድግ። ከዚያ ጋብቻው ከተቆረጠ በኋላ፣ በዚያው ቀሚስ፣ በዚያው ነጠላ፣ ትጥቋን ፈትታ ጫፉን ትከሻዋ ላይ ጣል ታድርገው፤ አክስቲቱ እያየች። ይህን ቀስ ብላ እንድታደርገው አዘጋጁን ለምኚው። ከዚህ የበለጠ የሠርግ ልብስ በከተማው አታገኚም።

ነጠላው ግን አዲስ ነጭ አይሁን። ነጭ በመብራት ስር ይንቦገቦግና የተዋናዩን ፊት ያጠፋዋል። ሻይ ቅጠል አፍልተሽ፣ ትንሽ ጨው ጨምረሽ፣ ጨርቁን በውኃ አርሰሽ ንከሪው፤ እያገላበጥሽ፣ አለበለዚያ ይዥጎረጎራል። ጥላ ላይ አድርቂው። ቀሚሱን ለማስረጀት ክርንና ጉልበቱን፣ የአንገቱንም ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊው፤ ልብስ የሚያልቀው ሰው በሚታጠፍበት በኩል ነው። ከጎረቤት የተዋስሽውን ግን ሻይም መቀስም አታስነኪው! ማን ምን እንዳዋሰሽ በደብተር ጻፊ፣ አጥበሽ መልሺ። ለከርሞም ትፈልጊያቸዋለሽ።

የቀሩትን ገጸ ባሕርያት ከራስሽ አትፍጠሪ። እሑድ ሰንበቴ ገበያ ውረጂ። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው እዚያ ይገናኛል። ፊት ሳይሆን እግር ተመልከቺ፦ ማን ኮንጎ አደረገ፣ ማን በረባሶ፣ ማን ባዶ እግሩን ነው። ሽርጡ በየት በኩል እንደተቋጠረ፣ ፎጣው ትከሻ ላይ ነው ወይስ ራስ ላይ፣ ሳይው። ደግሞ አደራ፣ አፋሩን ጊሌ አስታጥቀሽ ለማሳቂያ መድረክ ላይ እንዳታቆሚው። እሱም ተመልካች ነው፣ ልጆቹም አብረውሽ ይማራሉ። ልብስ ስድብ ሊሆን ይችላል። ትችትም ይሆናል፦ የመጀመሪያውን ተውኔታችንን የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ የሰያደብሩ ተወላጅ፣ በ«የአውሬዎች ኮሜዲያ» ሹማምንቱን የነቀፉት በእንስሳት መልክ አቅርበው ነው። ተመልካቹ ማን ማን እንደሆነ ለየ፤ ተውኔቱም ተከለከለ።

ጎጆውን አፍርሺው። በዚህ ሙቀት ማን ነው ቤት ውስጥ ተዘግቶ የሚጨቃጨቀው? ሰው ደጅ ነው ያለው። ዳስ ሥሪ፦ አራት ምሰሶ፣ ከላይ የማሽላ አገዳ፣ ከስር የጠፍር አልጋ። አልጋው ወንበርም ፍርድ ቤትም ይሆንልሻል፤ ማን ይቀመጣል፣ ማን ይቆማል የሚለው ራሱ ጠብ ነው። አገዳውን አታጠጋጊው፣ በመሐሉ መብራት ይግባ። ከኋላ የቤቱ በር ብቻ ይታይ። እሱን በሞራሌ ገጥመሽ አቡጀዲ ወጥሪበት፤ ስትወጥሪው ትንሽ ላላ ይበል፣ ኮላ የገባበት ቀለም ሲነካው ይሰበሰባል፣ በጣም ከወጠርሽው ሞራሌውን ያጣምምብሻል። ማዕዘኖቹ ላይ ሰያፍ እንጨት ምቺ። ከኋላ ደግሞ ከሮቢ ወንዝ አሸዋ በጆንያ ሞልተሽ እግሩ ላይ ጫኚበት፤ ነፋስ በር ተሸክሞ አክስቲቱ ላይ ሲጥል ማየት አልፈልግም።

ስለ ይፋት ሡልጣኔት የምትሠሩት ተውኔት ሲደርስ ግን ዳስም ጎጆም አይሆንሽም። በከተሞቹ፣ በእነኖራና በአስባሪ፣ የቀሩት ፍርስራሾች የድንጋይ ናቸው፤ መስጊዱም ድንጋይ፣ ግድግዳውም ድንጋይ። ያኔ ድንጋይ በጨርቅ ላይ እንዴት እንደሚሳል አሳይሻለሁ፣ ብዙ ሥራ አለው።

ለጊዜው ካባውን ወዲህ በይ፣ ገበሩን እኔ ልፍታልሽ። አንቺ አዳራሹ ሂጂና ከፊት ረድፍ ዳርና ዳር ያሉት ወንበሮች ላይ ተራ በተራ ተቀመጪ። ከሁለቱም ቦታ አልጋው ሙሉ ለሙሉ ካልታየሽ የፊት ምሰሶዎቹን ወደ ውጭ ግፊያቸው። ልምምዱም በልብስ ይሁን፣ ያውም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሳይበርድ።