መብራት ሲጠፋ በቤታችን ምን እናድርግ?

አያቶቻችን በምድጃ እሳትና በጧፍ ብርሃን አመሹ። በኋላ ኩራዝና ፋኖስ መጣ። ዛሬ ደግሞ በደብረ ማርቆስ፣ በደጀን፣ በአማኑኤል፣ በሉማሜና በአንዳንድ የገጠር ቀበሌዎች የኤሌክትሪክ መብራት አለ። ማብሪያውን ጠቅ ስናደርገው ይበራል። አንዳንድ ቀን ግን ጠቅ ብናደርገውም አይበራም። አንድ ምሽት ብቻ ቢሆን ግድ የለም። ሳምንት ወይም ወር ሲሆንስ? ምን ይሻላል?

በዚህ ትምህርት መብራት ለምን እንደሚጠፋና ሲጠፋ በቤታችን ምን ማድረግ እንደሚገባን እናያለን። ከሁሉ በላይ አንድ ነገር እንድትይዙልን እንፈልጋለን። ጨለማው ራሱ ሰው አይገድልም። ብዙ ጊዜ ሰው የሚጎዳው በመብራቱ ፈንታ ወደ ቤት ባስገባነው እሳት ነው።

1. መብራቱ ከየት ይመጣል? ለምንስ ይጠፋል?

የአገራችን ኤሌክትሪክ አብዛኛው የሚገኘው ከውሃ ነው። የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ከላይ የሚወርደው ውሃ የወፍጮውን ድንጋይ እንደሚያዞር፣ በግድብም ውሃው ትልቅ መዘውር ያዞራል። መዘውሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ ይፈጠራል።

በባሕር ዳር አጠገብ በጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የተሠራው በ1956 ዓ.ም. ነው። በ2002 ዓ.ም. ጣና በለስ ተመረቀ፤ ኃይሉ 460 ሜጋ ዋት ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ ጉባ ላይ ተሠርቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት ወንዞቻችንም ዓባይ ውስጥ ገብተው ወደዚያው ይሄዳሉ።

እንግዲህ ይህን ያህል ኃይል ካለ መብራት ለምን ይጠፋል? መንገዱ ረጅም ስለሆነ ነው። ለምሳሌ ከፊንጫ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መስመር አለ። ኤሌክትሪኩ በትልልቅ መስመሮች ወደ ማከፋፈያ ጣቢያ ይመጣል። ከዚያ ወደ ትራንስፎርመር፣ ከትራንስፎርመር ወደ ቤታችን ይደርሳል። በዚህ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ይጨልማል።

በክረምት ነፋስ ባሕር ዛፉን በሽቦው ላይ ይጥለዋል። መብረቅ ይመታል። ምሰሶ በስብሶ ይወድቃል። ብዙ ቤት የተጫነበት ትራንስፎርመር ይቃጠላል። አንዳንዴም ውሃው ራሱ ያንሳል። በ2011 ዓ.ም. በጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ ስላነሰ ከግንቦት ጀምሮ በመላ አገሪቱ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። ጦርነትም መስመር ይበጥሳል። በ2014 ዓ.ም. ሰሜን ወሎ ለወራት መብራት አጥቶ ነበር። መቀሌም ከዋናው መስመር ጋር እንደገና የተገናኘችው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ መብራት ያለው ቤት ሁሉ መብራት ለሌለበት ቀን መዘጋጀት አለበት።

2. ሳይቃጠል በቅጠል

መብራት ሲጠፋ የሚቆመው አምፖሉ ብቻ አይደለም። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ወፍጮ ይቆማል። የውሃ መሳቢያው ሞተር ስለሚቆም የከተማው ቧንቧ ይደርቃል። በጤና ጣቢያ የክትባት መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ማቀዝቀዣው ከቆመ ክትባቱ ሊበላሽ ይችላል። ልጅ የምታስከትቡ እናቶች፣ መብራት በጠፋበት ሰሞን ከመሄዳችሁ በፊት ክትባቱ መኖሩን ጠይቁ።

እኛ ከተማ ያደግን ተማሪዎች መብራት ሲጠፋ እጃችን ይታሰራል። እናንተ ግን እሳት አዳፍኖ ማሳደር፣ ከጎረቤት እሳት መጫር፣ በሶና ቆሎ ማዘጋጀት፣ ሥጋውን ቋንጣ፣ ወተቱን ቅቤና አይብ ማድረግ ታውቃላችሁ። ይህ ዕውቀት መብራት ገባ ተብሎ መረሳት የለበትም።

በዚህ ላይ የሚከተሉትን ብትጨምሩ መልካም ነው።

ሀ. ለሁለት ሳምንት የሚሆን ዱቄት አስፈጭቶ ማስቀመጥ። 
ለ. ውሃ በንጹሕና ክዳን ባለው ጀሪካን መያዝ። ከወንዝ የተቀዳውን ለመጠጥ አፍልቶ ማቀዝቀዝ። 
ሐ. በኤሌክትሪክ ምጣድ የምትጋግሩ የሸክላውን ምጣድ አለመጣል። «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። 
መ. ደረቅ ማገዶና ኩበት ዝናብ በማይነካው ቦታ መከመር። 
ሠ. ስልክን መብራት ሳለ መሙላት። ከጠፋ በኋላ ደግሞ ለቁም ነገር ብቻ መጠቀም።

3. የምሽት ብርሃን

አቅሙ ላለው ቤት በፀሐይ የሚሞላ መብራት ከሁሉ ይሻላል። አይጨስም፣ ቤት አያቃጥልም፤ ማታ ለሚያጠና ልጅም፣ ይህን መጽሐፍ ለሚያነብ ጎልማሳም ዓይን አይጎዳም። ፀሐይ የሚቀበለውን ገበታ ጥላ በሌለበት አስቀምጡት፤ አቧራውንም በጨርቅ ጥረጉት።

ኩራዝ የምታበሩ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ኩራዙ እየነደደ ላምባ አትጨምሩበት። አጥፉት፤ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ሙሉት። ላምባ ጠፋ ብላችሁ ቤንዚን አትጨምሩ። ቤንዚን በኩራዝ ውስጥ ይፈነዳል። ኩራዙን ከጭድ፣ ከጥጥና ከልብስ አርቃችሁ፣ ልጅና ድመት በማይደርሱበት ደልዳላ ቦታ አስቀምጡ። እየበራ ትታችሁት አትተኙ።

ላምባን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥም አደጋ ነው። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ድንገት ከጠጣ እንዲያስመልሰው አታስገድዱት፤ ሲያስመልሰው ላምባው ወደ ሳንባው ይገባል። ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

4. የማይታየው ገዳይ

የጎጃም ደጋ ብርዱ ከባድ ነው። መብራት በጠፋበት ሌሊት ሰው የከሰል ማንደጃውን መኝታ ቤት አስገብቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ ሊተኛ ይችላል። ወዳጆቻችን፣ ይህን በፍጹም አታድርጉ።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየር ይወጣል። እንጨት ሲጨስ ያስለናል፤ ዓይናችን ያለቅሳል፤ ስለዚህ ሸሽተን እንወጣለን። ይህ አየር ግን አይታይም፣ አይሸትም። «ፍሙ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል፣ እንግዲህ አይጎዳም» የሚሉ አሉ። ስሕተት ነው። መርዙ ከጥሩ ፍምም ይወጣል።

እንዴት ይገድላል? ደማችን ጥሩውን አየር ከሳንባ ጭኖ ለአካላችን ሁሉ የሚያደርስ እንደ ጭነት አህያ ነው። መርዘኛው አየር ቀድሞ ጀርባውን ይይዝበታል። ጥሩው አየር መጫኛ ቦታ ያጣል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ይሞታል።

«አያቶቻችን በእሳት ዙሪያ ይተኙ አልነበር?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። በሣር ክዳን ቤት ጭሱ በክዳኑ መሐል ሾልኮ ይወጣ ነበር፤ ያም ቢሆን ፈጽሞ አደጋ የለውም ማለት አይደለም። የዛሬው ቤት ግን ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው የተመረገ፣ ክፍሉ ጠባብ ነው። አየሩ መውጫ የለውም። የተዳፈነ እሳትም ቢሆን ሰው በተኛበት ዝግ ክፍል ማደር የለበትም። ጄኔሬተርም ከቤት ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ርቆ ይነሣ እንጂ ቤት ውስጥ አይነሣ።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው። ከሰል በነደደበት ቤት ሁለት ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ «ራሴን» ካለ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትቀመጡ። በሩን ክፈቱ። ሁላችሁም ወደ ደጅ ውጡ። የደከመውን ተሸክማችሁ አውጡትና ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት። ለብርዱ መድኃኒቱ ጋቢ፣ ብርድ ልብስና ተቃቅፎ መተኛት ነው።

5. እሳት ቢያቃጥልስ?

የተቃጠለውን አካል ወዲያው በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ አቀዝቅዙ። ውሃውን ለ20 ደቂቃ ያህል አፍስሱበት። ቅቤ፣ ሊጥ፣ አመድ፣ ጭቃ ወይም የጥርስ ሳሙና አትቀቡ፤ ቁስሉን ያመረቅዛሉ። ያቆረውን አታፍርጡት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱ።

6. የወደቀ ሽቦና የሚመለስ መብራት

መብራት ጠፍቷል ማለት ሽቦው ሞቷል ማለት አይደለም። የወደቀ ሽቦ ብታዩ አትቅረቡ። ልጆችንና ከብቶችን አርቁ። በእንጨትም ቢሆን አትንኩት፤ እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አንድ ሰው ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ያስጠንቅቅ፤ ሌላው ለመብራት ሠራተኞች ይንገር።

መብራቱ እንደጠፋ የኤሌክትሪክ ምጣዱን፣ ቴሌቪዥኑንና የስልክ መሙያውን ከሶኬት ንቀሉ። መብራቱ ሲመለስ አንዳንዴ በኃይል ይመጣል፤ ዕቃ ያቃጥላል። ሳይነቀል የተረሳ ምጣድም ሁሉ ሰው በተኛበት ሌሊት ግሎ ቤት ሊያነድ ይችላል። አንድ አምፖል ብቻ ክፍት ተዉ። እሱ ሲበራ መመለሱን ታውቃላችሁ።

በመጨረሻ ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል እንደሚባለው፣ የፀሐይ መብራት ያለው ቤት የጎረቤቱን ልጆች ማታ ቢያስጠና፣ የናፍጣ ወፍጮ ያለው ለአራስና ለአቅመ ደካማ ተራ ቢሰጥ ጨለማው ይቀላል። የተማራችሁትንም ማንበብ ለማይችሉ አንብቡላቸው። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃው የት እንዳለ ተመልከቱ። መኝታ ቤት ካለ አውጡት።

ጥያቄዎች

1. አንድ ቦታ ሽቦ ቢበጠስ ብዙ ቤት የሚጨልመው ለምንድን ነው? 
2. ፍሙ የቀላ፣ ጭስ የሌለው ከሰል ለምን ይገድላል? 
3. ላምባ የጠጣን ልጅ እንዲያስመልስ ማስገደድ ለምን አይገባም? 
4. መብራት እንደጠፋ ከሶኬት የሚነቀሉ ሦስት ዕቃዎችን ጻፉ። 
5. በቀበሌያችሁ መብራት ለአንድ ወር ቢጠፋ እርስ በርስ እንዴት ትረዳዳላችሁ? ተወያዩበትና አምስት መስመር ጻፉ።